ሸሽቶ መልቀቅና ወስኖ መልቀቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ኤክስቴንሽን እየተማሩ ቀን የግማሽ ቀን ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አንዱ ቤት ለቤት እየዞረ ልጆች ያስጠናል፣ ሌላዋ ካፌ ታስተናግዳለች፣ ሌላዋ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት። ከእነዚህ መካከል ሥራውን ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ የሚያቋርጡ፣ ካቋረጡ በኋላም ሌላ ለመሞከር ልባቸው እምቢ የሚላቸው አሉ። ስለ እነሱ ሲወራ የሚሰማው «የዛሬ ልጅ ሥራ አይችልም» የሚል ፍርድ ነው። ይህ ፍርድ ማንንም ወደ ሥራ አይመልስም። ስለዚህ ጉዳዩን በሁለት ሴቶች አንደበት ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው። አንዷ በማታው ክፍል ሳይኮሎጂ የምትማር ወጣት ናት። ሌላዋ ዕድሜያቸውን በባንክ መስኮት ገንዘብ ሲከፍሉና ሲቀበሉ ኖረው ጡረታ የወጡ አክስቷ ናቸው።

ወጣቷ፦ እቴቴ፣ ሰኞ ሥራ ጀምሪ ብለውኛል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት፣ ካሸር። ደውዬ አልመጣም ልበላቸው እያልኩ ነው።

አክስት፦ ምነው? ሰዓቱ ከትምህርትሽ ጋር ተጋጨ?

ወጣቷ፦ ሰዓቱስ ተመችቶኛል። እንደ ወትሮው ትቼው እንዳልወጣ ነው የምፈራው። ማስጠናቱን ጀምሬ ተውኩት፣ ካፌውንም ተውኩት፣ የሱፐርማርኬቱን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። አሁን ሰው ሥራ ስለ መያዜ ሲጠይቀኝ እንኳ ወሬ እቀይራለሁ።

አክስት፦ እስቲ የሱፐርማርኬቱን ንገሪኝ። «አልቻልኩም» ብለሽ ብቻ አትለፊው። ከቀኑ የትኛዋ ሰዓት ላይ ነበር የምትጨነቂው?

ወጣቷ፦ ሂሳብ መዝጊያ ላይ። ሰው ቢበዛም እጄ ይፈጥናል፤ ዕቃ እመታለሁ፣ ብር እቀበላለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ። ተረኛዋ መጥታ «ዝጊ» ስትለኝ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የፈረቃው ሽያጭ ከማሽኑ ይወጣል፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር ይቆጠራል፤ በቴሌብርና በባንክ የገባው ይደመራል፤ ጠዋት ለመልስ የተሰጠኝ ዝርዝር ይቀነሳል። አንድ ቀን ጎደለ። የት እንደሳትኩ አላውቅም። ኃላፊው በሰው ፊት «ከደመወዝሽ ይቆረጣል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እየቆጠርኩ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ፣ ተረኛዋ ቆማ ስታየኝ ጭራሽ ይጠፋብኛል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ታክሲ ወረፋ ይዤ ተራዬ ሲደርስ ሳልሳፈር ተመለስኩ። ስልኬን ዘጋሁና ቀረሁ።

አክስት፦ ያን ዕለት ምን ተሰማሽ?

ወጣቷ፦ እውነቱን ልንገርዎት፣ እፎይ ነው ያልኩት። ሌሊቱንም ደህና ተኛሁ። ግን ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ነገር መጣ። ዳቦ ልገዛ ገብቼ ካሸሯን ሳይ ልቤ መምታት ጀመረ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ባይም «ይህም ለእኔ አይሆንም» እላለሁ። ዋስ የሆኑኝን አጎቴንም ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ሥራው በወጣሁበት ቀን ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ተከትሎኝ ወጣ።

አክስት፦ ያ እፎይታ ነው ያሳሳተሽ። እፎይ ስትዪ የለቀቅሽው ሥራ ነበር የከፋው ብለሽ አመንሽ።

ወጣቷ፦ ክፍል ውስጥ የተማርነውም ይህንኑ ነው። ሰው ከሚፈራው ነገር ሲሸሽ ወዲያው ይቀለዋል። ያ ቅለት ለመሸሹ ሽልማት ይሆንለታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ ይሸሻል። የፈራው ነገር የሚያስፈራውን ያህል መሆን አለመሆኑም ሳይፈተን ይቀራል። ለዚህ ነው ካፌው ላይ ወራት የታገስኩ ልጅ ዛሬ ገና ሳልጀምር ልተው የምለው።

አክስት፦ መጻሕፍቱ በራስ መተማመን ከየት ይመጣል ይላሉ?

ወጣቷ፦ አልበርት ባንዱራ የሚባል ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ስታንፎርድ ያስተማረ ሊቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው ያረፈው። በ1977 ባሳተመው ጥናቱ ሰው «ይህን ሥራ እችለዋለሁ» የሚል እምነት የሚያገኝባቸውን አራት መንገዶች ዘርዝሯል። አንደኛው ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ነው። ሁለተኛው እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሠራው ሲያይ ነው። ሦስተኛው የሚያምነው ሰው «ትችላለህ» ሲለው ነው። አራተኛው ከሰውነቱ የሚያነበው ምልክት ነው፤ ልቡ ሲመታ፣ እጁ ሲያልበው «አልቻልኩም ማለት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ከአራቱ ኃይለኛው የመጀመሪያው ነው ይላል።

አክስት፦ ይህን እንዴት አረጋገጠው?

ወጣቷ፦ እባብ ክፉኛ በሚፈሩ ሰዎች ላይ ሞክሮታል። አንዳንዶቹ ሌላ ሰው እባብ ሲይዝ ብቻ እንዲያዩ ተደረገ። ሌሎቹ ግን ባለሙያ አጠገባቸው ሆኖ ደረጃ በደረጃ ቀረቡ፤ በመጀመሪያ ከሩቅ አዩ፣ ቀጥሎ በጓንት ነኩ፣ በኋላ በባዶ እጃቸው ያዙ። የበለጠ የተለወጡት በእጃቸው የያዙት ናቸው። ማየትና መሥራት እኩል አይደሉም ማለት ነው።

አክስት፦ እኛ ባንክ ያለ መጽሐፍ የምናደርገው ይህንኑ ነበር። አዲስ ልጅ ተቀጥሮ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ብቻውን መስኮት ላይ አይቀመጥም። ከነባር ሠራተኛ ጎን ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ብር ይለያል፣ ያስራል፤ ቀጥሎ ይቀበላል፤ መክፈል የሚጀምረው እጁ ከገባ በኋላ ነው። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ነባሩ አጠገቡ ይቆማል። አንቺን ግን ማሽኑን አሳይተውሽ ሄዱ፤ መዝጋቱን ማን አስተማረሽ?

ወጣቷ፦ ማንም። «ታዪዋለሽ» ተባልኩ።

አክስት፦ እንግዲህ ሥራውን አልቻልሽም የሚባለው የትኛውን ነው? መሸጥ ትችያለሽ፣ ሰው ማስተናገድ ትችያለሽ፣ ማልደሽ መገኘት ትችያለሽ። ያልተማርሽው አንድ ነገር ነው፦ ሂሳብ መዝጋት። አንቺ ግን ይህን ያልተማርሽውን አንዱን ነገር ይዘሽ በመላ ሰውነትሽ ላይ ፈረድሽ። ሰው ከሥራ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚያስፈራው ቁራጭ ሳይለይ ሲቀር ሥራው በሙሉ ያስፈራዋል።

ወጣቷ፦ ቢሆንም እቴቴ፣ ገንዘብ ነው። ቢሳሳቱ ሌላ ሰው አይጎዳም የሚባል ሥራ አይደለም። ዋስ አለብኝ።

አክስት፦ ለዚህ ነው ሥርዓት ያለው። ስሚኝ፣ ሰኞ ይዘሽው የምትሄጂውን ልንገርሽ። ደንበኛው የሰጠሽን ብር መልሱን ሰጥተሽ እስክትጨርሺ መሳቢያ ውስጥ አትክተቺ፤ ጠረጴዛው ላይ ይታይ። «200 ነው የሰጠሁሽ» «የለም 100 ነው» የሚለው ክርክር የሚመጣው ብሩ ከተደባለቀ በኋላ ነው። በቴሌብር የሚከፍል ሰው ስልኩ ላይ የሚያሳይሽን ምስል አይተሽ ዕቃ አታስረክቢ፤ ለመደብሩ የሚደርሰውን መልእክት እዪ። በቀኑ መካከል ትልልቁን ብር ቆጥረሽ ለኃላፊው አስረክቢና አስፈርሚ፤ መሳቢያሽ ሲቀል መዝጊያውም ይቀላል።

ወጣቷ፦ ቆጠራውስ?

አክስት፦ መጀመሪያ አትቁጠሪ፤ ለዪ። 200ው ለብቻ፣ 100ው ለብቻ፣ 50ው ለብቻ፣ ሳንቲሙ ለብቻ። ሁሉንም ፊቱን ወደ አንድ ወገን አዙሪ፤ ያኔ ሌላ ብር ገብቶበት ከሆነ ዓይንሽ ራሱ ይይዘዋል። ከትልቁ ጀምረሽ ቁጠሪ፤ የአንዱን ውጤት ወረቀት ላይ ሳትጽፊ ወደ ሌላው አትሂጂ። ከጻፍሽው በኋላ ሰው ቢያናግርሽም፣ ተረኛዋ ብትቆምም ቁጥሩ አይጠፋብሽም፤ የምትደግሚውም የቆምሽበትን አንዱን ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ እኔ ሁሉንም በጭንቅላቴ ነበር የምይዘው።

አክስት፦ ማንም አይችለውም፤ እኔም እስከ ጡረታዬ በወረቀት ነው የቆጠርኩት። አሁን ቢጎድልስ? ጉድለት ሲገኝ «ጎደለ» ብለሽ አትደንግጪ፤ «ስንት?» በዪ። ልክ 100 ከሆነ፣ አንድ 100 ብር እንደ 200 ተቆጥሮ ለሰው መልስ ተሰጥቶበት ይሆናል። ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ ቁጥር ተገለባብጦ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጊ፤ 540 መጻፍ ሲገባሽ 450 ብትጽፊ ልዩነቱ 90 ነው። የሌሎችም አኃዞች መገለባበጥ እንዲሁ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ጉድለቱ ከአንዱ ሽያጭ ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ በቴሌብር የተከፈለ ሆኖ ሳለ በጥሬ ብር ተመዝግቦ ይሆናል። ጉድለት ብዙ ጊዜ ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው።

ወጣቷ፦ ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ...

አክስት፦ ያኔ የሚያስተምርሽ አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ደመወዝሽን ቆረጡት?

ወጣቷ፦ ስላልተመለስኩ የቀረውን ሳልቀበለው ቀረሁ።

አክስት፦ ሕጉንም ማወቅ የመተማመን አንድ ክፍል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። አሠሪ ደስ ባለው ጊዜ ከደመወዝ አይቆርጥም፤ ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው የሚቆርጠው። ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝሽ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ሰኞ ውል ሲሰጡሽ ስለ ጉድለት የሚለውን አንቀጽ ሳታነቢ አትፈርሚ።

ወጣቷ፦ የሙከራ ጊዜ አለው ብለውኛል።

አክስት፦ የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ሰው ሁሉ ይህን ጊዜ የሚያየው አሠሪው ሠራተኛውን የሚፈትንበት አድርጎ ነው። አንቺም እኮ እነሱን የምትፈትኚበት ነው። በሙከራ ጊዜ ሥራው ካልሆነሽ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጪ መልቀቅ ትችያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። በሩ ክፍት መሆኑን ካወቅሽ ሮጠሽ መውጣት አያስፈልግሽም።

ወጣቷ፦ አንድ ነገር ግን ልቃወምዎት። «ቆዪ፣ ቆዪ» የሚለው ምክር አንዳንዴ ሰው ይሰብራል። ጓደኛዬ ካፌ ውስጥ እየተሰደበች፣ የማታውን ትርፍ ሰዓት ሳይከፈላት ዓመት ቆየች። መቆየቷ ምንም መተማመን አልሰጣትም፤ ያላትንም ወሰደባት። ባንዱራም እኮ ያለው ቆይቶ ስለ መቻል ሳይሆን ሠርቶ ስለ መሳካት ነው።

አክስት፦ ልክ ነሽ፤ እኔም ዝም ብለሽ ቆዪ አላልኩሽም። ስድብ፣ ማስፈራራት፣ በሴትነት መነካካት፣ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት፣ በወሩ የማይመጣ ደመወዝ ካለ እዚያ የምትማሪው ሥራ ሳይሆን መሸነፍን ነው። እንዲህ ካለ ቤት ውጪ። ግን መውጣትም ሁለት ዓይነት ነው፤ ወስኖ መልቀቅ አለ፣ ሸሽቶ መልቀቅ አለ።

ወጣቷ፦ በምን ይለያሉ? እኔ ያኔም የወሰንኩ ይመስለኝ ነበር።

አክስት፦ ደህና በዋልሽበት ቀን ራስሽን ጠይቂ። ሂሳቡ በትክክል በተዘጋበት፣ ማንም ባልተቆጣሽበት ቀን ማታም «ይህን ሥራ ልልቀቅ» የምትዪ ከሆነ ውሳኔ ነው። በተበላሸው ቀን ብቻ የሚመጣብሽ ከሆነ ሽሽት ነው። ስለዚህ ለራስሽ ሕግ አውጪ፦ በክፉ ቀን ምንም ውሳኔ አይወሰንም። መልቀቅ ካማረሽ ምክንያቱን ጽፈሽ አስቀምጪውና ደህና ቀን ሲመጣ አንብቢው።

ወጣቷ፦ ወስኖ የለቀቀስ ምን ይለየዋል? ሁለቱም ሥራ አጥ ናቸው።

አክስት፦ በጣም ይለያያሉ። ወስኖ የለቀቀ ገብቶ «ከዚህ ቀን ጀምሮ አልመጣም» ይላል፤ ሂሳቡን አስረክቦ ያስፈርማል፤ ዋሱን ነፃ ያወጣል፤ የሠራበትን ደመወዝ ይቀበላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንም ይይዛል፤ አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ጽፎ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል። ስልክ ዘግቶ የቀረ ግን ሠርቶ እንዳልሠራ ይሆናል። አንቺ ሦስት ቦታ ሠርተሽ ዛሬም «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የምትፈልጊው ለምንድን ነው? ሥራ ስላልሠራሽ አይደለም፤ የሠራሽውን ጥለሽው ስለወጣሽ ነው።

ወጣቷ፦ ይህ ከበደኝ፤ ግን እውነት ነው። አሁን ሄጄ ደብዳቤውን ብጠይቅ ይሰጡኛል?

አክስት፦ ሂጂና ጠይቂ። በአካል ሄደሽ «ያለ ማስታወቅ ቀርቼ ነበር፤ የሠራሁበትን ልምድ ጻፉልኝ፣ የአጎቴን ዋስትና አውርዱልኝ» በዪ። ደብዳቤውን ባይሰጡሽ እንኳ በዚያ በር ተመልሰሽ መግባትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያ ያልሽው ሰውዬ እባቡን በጓንት አስነክቷል አላልሽም?

ወጣቷ፦ ብያለሁ። እናቴ ግን «ጎበዝ ነሽ፣ ትችያለሽ» ስትለኝ ለምን አይሰማኝም? ቃልም እኮ ከአራቱ አንዱ ነው።

አክስት፦ «ጎበዝ ነሽ» የሚለው የማይያዝ ቃል ነው፤ አንድ ቀን ሂሳብ ሲጎድል ይፈርሳል። «ትናንት ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ እያለ አንድም ሰው አላመናጨቅሽም» ቢሉሽ ግን ማንም አይነጥቅሽም፤ የሠራሽው ነው። አንቺም ለራስሽ እንዲህ ንገሪው። ትንሽ ደብተር ያዢ፤ በየቀኑ ሁለት መስመር ጻፊ፦ ዛሬ የሠራሁት፣ ነገ የምጠይቀው። «ደደብ ነኝ» የሚል እዚያ አይጻፍም። «የተመለሰ ዕቃ በማሽኑ እንዴት እንደሚሰረዝ ልጠይቅ» ነው የሚጻፈው። እጥረትሽ በጥያቄ መልክ ሲጻፍ መልስ አለው።

ወጣቷ፦ ልቤ ሲመታስ? ሰው ፊት እጄ ይንቀጠቀጣል።

አክስት፦ ይመታል፤ የእኔም ይመታ ነበር። ገንዘብ የያዘ ሰው ልቡ ቢመታ ጥንቃቄው ነው እንጂ አለመቻሉ አይደለም። እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊ፣ ለወረፋው «አንድ ጊዜ ይቅርታ» በዪ፣ ቀስ ብለሽ ቁጠሪ። ሰው መቼም ከተሳሳተ መልስ የዘገየ መልስ ይሻለዋል። ነገር ግን በዕረፍት ቀንሽም ጭንቀቱ ካለቀቀሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ፣ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ይህ የሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ሄዶ መታየት ነው።

ወጣቷ፦ እንዲያ የከፋ አይደለም፤ መዝጊያዋ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ሰኞ ስገባ በመጀመሪያ ምን ልበላቸው?

አክስት፦ ገና ሳትጀምሪ «ሂሳብ አዘጋጉን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ነባር ሰው አጠገቤ ሆኖ ያሳየኝ» በዪ። ይህን መጠየቅ ድክመት የሚመስላቸው አሉ። ገንዘብ ያስተዳደረ ሰው ግን እንዲህ የምትጠይቅ ሠራተኛ ይመርጣል፤ የሚፈራው አውቃለሁ ብላ የምትዘጋውን ነው። እምቢ ካሉሽም ጥሩ መረጃ ነው፤ ምን ዓይነት ቤት እንደገባሽ በመጀመሪያው ቀን ታውቂያለሽ።

ወጣቷ፦ መተማመኑ እስኪመጣ ልጠብቅ ነበር ያሰብኩት። መጀመሪያ ልቤ ይጠንክር፣ ከዚያ ሥራ እጀምራለሁ ብዬ።

አክስት፦ ቤት ተቀምጦ የሚመጣ መተማመን የለም፤ ቢመጣም የመጀመሪያው ጉድለት ይወስደዋል። አንድ ቀን ሂሳቡን በትክክል ትዘጊያለሽ፤ በማግስቱ ያንን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ሌላ ቀን ይጎድላል፤ ፈልገሽ ታገኚዋለሽ። በትክክል ከተዘጋው ቀን ይልቅ የሚያጸናሽ ይህኛው ነው፤ ብትሳሳቺም መመለስ እንደምትችዪ ታውቂያለሽና። ሰኞ ሂጂ። መልቀቅ ካለብሽ በኋላ እንነጋገራለን፤ ስትለቂ ግን በበሩ በኩል፣ ደብዳቤሽን ይዘሽ ልቀቂ።

ወጣቷ፦ እሺ እቴቴ፣ ሰኞ እገባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ሱፐርማርኬቱ ሄጄ ደብዳቤዬን እጠይቃለሁ።

ምልልሱ እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረኝ ለአንባቢዎቼ የምለው ነው። ልጃችሁ ወይም እህታችሁ ሥራ ጀምራ ከተወች፣ «ለምን አትታገሺም?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛዋ ሰዓት ላይ ነው የከበደሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። አሠሪዎች ሆይ፣ አዲስ ካሸር ሂሳብ በምትዘጋበት ሰዓት ነባር ሠራተኛ አጠገቧ አቁሙላት፤ ጉድለት ሲገኝም በሰው ፊት ከመቆጣት በፊት አብራችሁ ፈልጉ። አንዲት ወጣት ሥራዋን ለመልመድና በራሷ ለመተማመን የሚያስፈልጋት አጠገቧ ቆሞ የሚያሳያት ሰው ነው፤ ያንን ደግሞ ዛሬውኑ ልትሰጧት ትችላላችሁ።